የሶሌታው ድግስ

በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በመንግሥት በጀት የሚሠራ ሆስፒታል ግቢ፣ የሰኔ ጠዋት፤ የፎቁ ወለል፣ ሶሌታው፣ አርማታ ሊሞላ ነው፤ ተቆጣጣሪዋ መሐንዲስ ትርሲት ከሶሌታው ሥር ወጥታ የጫማዋን ጭቃ ስትጠርግ፣ የከተማው የግንባታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ደምለው በሬ አስነድተው ደረሱ።

ትርሲት፦ በሬውን ይመልሱት፣ ጋሽ ደምለው። ዛሬ አይታረድም።

ደምለው፦ በጾሙ ነው? አይ ልጄ! የሰኔ ጾም የቄስ ነው ሲባል አልሰማሽም? እኔ ሽሮዬን እበላለሁ፤ አርማታ ሲሸከም የሚውል ሰው ግን ሽሮ አይይዘውም።

ትርሲት፦ ስለ ጾሙ አይደለም።

ደምለው፦ ታዲያ በሬው ከሳብሽ?

ትርሲት፦ ሶሌታው ዛሬ አይሞላም ማለቴ ነው።

ደምለው፦ ምን አልሽ? ድምፅሽ እኮ ከጉሮሮሽ አይወጣም።

ትርሲት፦ አይሞላም። ሚክሰሩንም አስጠፍቼዋለሁ።

ደምለው፦ እኔ ደግሞ ናፍጣ አልቆ መስሎኝ! ትናንት አይደል እንዴ ከታች እስከ ላይ አይተሽ የፈረምሽው? አንቺን አምኜ ነው ከተማውን ሁሉ የጠራሁት።

ትርሲት፦ ትናንት የፈረምኩት ትናንት ለነበረው ነው።

ደምለው፦ እንዴ! ሌሊቱን ሆስፒታሉን ቀየሩብሽ?

ትርሲት፦ ከሶሌታው ሥር ያሉት ድጋፎች ጎድለዋል። እርጥብ አርማታ ራሱን አይችልም። እስኪደርቅ ድረስ የሚሸከሙት እነዚያ ባሕር ዛፎች ናቸው።

ደምለው፦ ሥሩ ጫካ ነው እኮ! ሰው እንኳ ተሽሎክልኮ ነው የሚያልፈው። ከጫካ ጥቂት እንጨት ቢጎድል ምን ይሆናል?

ትርሲት፦ የጎደለው ከመሃል ነው። ከድንገተኛ ክፍሉ በላይ ያለው ሶሌታ ሥሩ ባዶ ነው።

ደምለው፦ ተቋራጩን ጠይቄዋለሁ፤ «ኮሚቴው ካለ እሞላለሁ» ብሎኛል።

ትርሲት፦ እሱማ ይሞላል። ከወደቀ በኋላ ደግሞ «መሐንዲሷ ፈርማለች፣ ኮሚቴው አዟል» ይላል።

ደምለው፦ ስሚኝ፣ ልጄ። ሰኔ ሲያልቅ ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ነው። ሐምሌ ከገባ ክረምቱ አለ፤ ከክረምቱ ኋላ «ለሚቀጥለው ዓመት» አለ። እኔ የዚህ ሆስፒታል መሠረት ድንጋይ ላይ ሣር በቅሎ ፍየል ሲግጠው ያየሁ ሰው ነኝ። ምራቴ በምጥ ተይዛ በቃሬዛ ስንወስዳት መንገድ ላይ ነው የቀረችው።

ትርሲት፦ ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር።

ደምለው፦ ከሰማሽ አስሞዪው!

ትርሲት፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ ጋሽ ደምለው። ይሄ ከፈሰሰ ግን የሚለቀመው ሰው ነው።

ደምለው፦ ተረቱን ለእኔ ተዪልኝ፤ አንቺ ስሌትሽ ይበቃሻል። የዞን እንግዶች መንገድ ላይ ናቸው። «ማን አስቆመው?» ሲሉኝ የማንን ስም ልጥራ?

ትርሲት፦ የእኔን።

ደምለው፦ የሙከራ ጊዜሽን እንኳ አልጨረስሽም አሉ።

ትርሲት፦ አልጨረስኩም።

ደምለው፦ ሌላ መሐንዲስ ይልካሉ። እሱ ይፈርማል፤ አንቺ ሻንጣሽን ትይዣለሽ። ለባሕር ዛፍ ብለሽ!

ትርሲት፦ ሰዎቹ በሬውን ሊያስሩት ሄዱ፤ ጥሩ። እንግዶቹ ሲመጡ የት ነው የሚሆኑት?

ደምለው፦ ያውና፣ ለድግሱ በቆመው ዳስ ውስጥ ነዋ! ከዚያ እኔና ሽማግሌዎቹ ሶሌታው ላይ ወጥተን እንመርቃለን። የመጀመሪያዋን ባልዲ የምደፋው እኔ ነኝ። አሁን ይሄ ከምኑ ይገናኛል?

ትርሲት፦ ዳሱን ማን ሠራው?

ደምለው፦ የሰፈሩ ጎረምሶች። ትናንት ማታ በዚያ ዝናብ፣ እየዘፈኑ ነው ያቆሙት። ሸራው የዕድር ነው፤ እንጨቱን ደግሞ ጥበቃው ከዚሁ ከትርፉ ሰጣቸው።

ትርሲት፦ ትርፍ አልነበረም።

ደምለው፦ ምን ለማለት ነው?

ትርሲት፦ ቀስ ብለው ይናገሩ፤ ሰው እያየን ነው። ዞር ይበሉና የዳሱን ምሰሶዎች ይዩዋቸው። አናታቸው ላይ ቀይ ቀለም አለ።

ደምለው፦ እሱማ ለጌጥ ቀብተውት ነው።

ትርሲት፦ እያንዳንዱን ድጋፍ መርምሬ ስጨርስ የምቀባው ቀለም ነው። ትናንት በእጄ ነው የቀባሁት። ይኸው፣ ከጥፍሬ እንኳ አልለቀቀም።

ደምለው፦ እስቲ ጥፍርሽን አሳዪኝ። ያው ራሱ ቀይ ነው!

ትርሲት፦ ጋሽ ደምለው?

ደምለው፦ «እስኪነጋ ዳሱ ካልቆመ አላውቃችሁም» ብዬ የላክኋቸው እኔ ነኝ።

ትርሲት፦ ክፋት አላሰቡም። እርስዎ እንዳሉት፣ ጫካ መስሏቸው ነው።

ደምለው፦ ገና ስመጣ ለምን አልነገርሽኝም? ይህን ሁሉ ስዝትብሽ!

ትርሲት፦ በሬውን የነዱት ሰዎች አጠገብዎ ቆመው ነበር። እነሱ ፊት እንዴት ብዬ? እስኪርቁ ነው የጠበቅሁት።

ደምለው፦ አይ አንቺ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እኔም ስጣደፍ... በይ፣ ምን ይሁን?

ትርሲት፦ ዳሱ ይፍረስና እንጨቶቹ ቦታቸው ይመለሱ። መሬቱ ስለራሰ እንዳይሰምጡ ከሥራቸው ጣውላ ይገባል። አንድ በአንድ አይቼ እንደገና እቀባለሁ፤ ያን ጊዜ ይሞላል። ሰኔ ገና አላለቀም።

ደምለው፦ እንግዶቹን ዝናብ ላይ ላቆማቸው?

ትርሲት፦ ጃንጥላ አያጡም።

ደምለው፦ ሳቄን አታምጪው፣ በዚህ ሰዓት! ቆይ... ስልኬ ነው። ከዞን።

ትርሲት፦ ይስጡኝ፤ እኔ ልንገራቸው።

ደምለው፦ ተዪው፣ የአንቺ ድምፅ አይሰማም። ሃሎ? አዎ፣ ጌታዬ። የለም፣ ሶሌታው ዛሬ አይሞላም፤ ዳሱንም ልናፈርሰው ነው። ማን አስቆመው አሉኝ? እኔ ነኝ፣ ደምለው ነኝ ያስቆምኩት።