ጋቢ የለበሰው ድንች

ማኅበራችን የሰፈሩን አቅመ ደካሞች የሚመግበው የቆሻሻ መጣያ ከነበረችው አትክልት ቦታችን ነው። ዘንድሮ ድንቹ ገና ብቅ እንዳለ ከጉና ተራራ በኩል ውርጭ ወረደ። ጠዋት ደጅ ያደረው ውሃ በረዶ ሆኖ ሳየው «በቃ፣ ተቃጠለ!» እያልኩ ሮጥኩ። መደቡ ዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኗል። ቀረብ ስል ግን ውርጭ አይደለም፤ ጋቢ ነው፣ ነጠላ ነው፣ አልጋ ልብስ ነው! ጎረቤታችን አያ ደምሴ አጥሩ ሥር በሸሚዝ ብቻ ይንቀጠቀጣሉ።

«አያ፣ ምን ነካዎት? ማኅበርተኛ እንኳ አይደሉም!»

«ሰፈሩ ሁሉ ማታ ያለውን አምጥቶ አለበሰው፤ እኔስ ታምሜ ስተኛ ያበላኝ ይኸው መደብ አይደል? ይልቅ ጋቢዬን እንዳትረግጪው!»

ጫፉን ገለጥ አደረግሁት፤ ቡቃያው አረንጓዴ ነው። ነጠላዬን አውልቄ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግሁላቸው።