አማቴና አራቱ ቁጥቋጦዎች

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ወንድ አገባ ማለት አፉን መፋቅ ጀመረ ማለት ነበር። ትስቃላችሁ፤ እውነቴን ነው። እኔ ሀዋን ያገባሁ ሰሞን ጠዋት እፍቃለሁ፣ ከሶላት በፊት እፍቃለሁ፣ ከእርሻ ስመለስ እፍቃለሁ። መፋቂያው ደግሞ ተራ እንጨት እንዳይመስላችሁ። ከአሶሳ ግማሽ ቀን በእግር፣ በእኛ ተራራ አናት፣ ድንጋዩ መሀል ብቻ የሚበቅል ቁጥቋጦ አለ፤ ቁመቱ ፍየል ቢያክል ነው፣ ሌላ ቦታ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ሽታው እስከ ማታ ከአፍ አይጠፋም። ታዲያ የመንደሩ ወንድ ሁሉ ይወጣል፣ ይቆርጣል፣ እና ሁሉም የእኔ አንዷ ምን ታጎድላለች ይላል። እኔም እላለሁ።

እና ያ ቁጥቋጦ የአማቴ መድኃኒት ነበር። አማቴ፣ የሀዋ እናት፣ ሕፃን ሲያተኩሰው የምትጠራ ሴት ነበረች፤ ቅጠሉን ቀቅላ ታጥባቸዋለች። ወንዶቹን ስንት ጊዜ ተዉልኝ ብላለች መሰላችሁ። እሺ ይሏታል፣ ይወጣሉ፣ ይቆርጣሉ።

አንድ ጠዋት እኔም ወጣሁ። አንዱን ቆርጬ አፌ ውስጥ ከትቼ፣ ሌላ ሁለት ልጨምር ጎንበስ ስል አማቴ ከድንጋዩ ጀርባ ብቅ አለች። ወላሂ፣ ነብር ቢወጣ ይሻለኝ ነበር። ያኔ በእኛ ዘንድ አማች ከሚስቱ እናት ጋር አይተያይም፣ አይነጋገርም፤ ነውር ነው። ታዲያ ፈጥኜ ጀርባዬን ሰጠኋት፣ እሷም ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ ቁጥቋጦው መሀላችን ቀረ። ልሩጥ ብል መንገዱ በእሷ በኩል ነው። እንዲህ ጀርባ ለጀርባ ሆነን እሷ ለቁጥቋጦው መናገር ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ እንደዚህ፦

«አንተ ቁጥቋጦ፣ እዚህ የቆመውን ሰው ጠይቅልኝ። የጎረቤቱ ልጅ ከትናንት ጀምሮ እንደ እሳት እየነደደ ነው። ቅጠል ፍለጋ መጣሁ። የቀራችሁት አራት ናችሁ፣ ሦስታችሁ ተመልጣችኋል። ለመሆኑ የዚህ ሰው ጥርስ ስንት ነው?»

መፋቂያው አፌ ውስጥ ነው፤ መጣሉንም አፈርኩ፣ ማኘኩንም አፈርኩ። «ቁጥቋጦ ሆይ፣» አልኩ፣ «ሰውየው አጥፍቻለሁ ይላል በልልኝ።»

«አጥፍቻለሁ ማለቱ አንተን አያበቅልህም። ከዛሬ ጀምሮ ይጠብቅህ እንደሆነ ጠይቀው።»

«ይጠብቃል በላት።»

ከአራተኛው ላይ ቅጠል ቀንጥባ ወረደች። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ከዚያ ጎረቤት ደጅ አልተነሣሁም። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሕፃኑን ለቀቀው፣ ጡት ጠየቀ፤ እናቱ ሳታለቅስ እኔ አለቀስኩ።

ከዚያማ ጠባቂ ሆንኩ። በእሾህ አጠርኩ፣ ፍየል አባረርኩ። የከበደኝ ሰው ነው። የመስጊዳችን ሼህ ራሳቸው በትራቸውን ተደግፈው ወጡና ለአንዲት ትንሽ ስዋክ፣ ለመፋቂያ ነው፣ የነቢዩ ሱና ነው ልጄ አሉኝ። እኔም ሱናውን አልከለከልኩም፣ ግን አማቴ ከዚያ ድንጋይ ጀርባ ናት አልኳቸው። አልነበረችም። እሳቸው ግን፣ እሺ ካሏት ወንዶች አንዱ ነበሩና፣ ሳይሰናበቱኝ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ለመጣ ሁሉ ይህችኑ እላለሁ፤ ሄዶ ያጣራ አንድም ሰው የለም።

እና አማቴ ዘሩን እየለቀመች በሀዋ እጅ ትልክልኛለች፣ እኔም አፈር እያለበስኩ እተክላለሁ። አንድ ክረምት አለፈ፣ ምንም የለም። በሁለተኛው ክረምት ብቅ ብቅ አለ፣ እንደ ጣት ጥፍር። እሷም ሰምታ ኖሮ መጣች። ለማየት እኩል ጎንበስ ስንል ግንባርና ግንባር ተጋጨን። እሷ ወደ ኋላ ቁጭ፣ እኔም ቁጭ። ሻሿ ወድቋል። ተያየን።

«ቆጥረሃቸዋል?» አለችኝ፣ ለእኔው፣ ፊቴን እያየች።

«አሥራ አንድ ናቸው» አልኳት።

«አሥራ ሁለት ናቸው። አንዷ ላይ ተቀምጠህባታል።»

ሃ ሃ! ወላሂ፣ ተቀምጬባት ነበር። ግን አልሞተችም፤ ተራራው ላይ ብትወጡ ታገኟታላችሁ፣ እስከ ዛሬ ጎባጣ ናት።