ውሃውን አትጠጡ

በንጉሡ ጊዜ አስመራ ውስጥ የመንግሥት ማስታወቂያ በአማርኛ ብቻ ይነገር ተብሎ ነበር። እኔ ደግሞ ድምፅ ማጉያ በተጫነባት መኪና እየዞርኩ የምለፍፍ ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ጠዋት የአባ ሻውል ሰፈር ውሃ ተበክሏልና ሕዝቡን አስጠንቅቁ ተባልን። ከሸዋ የመጡት አለቃዬ አቶ ታፈሰ አጠገቤ ተቀምጠዋል። «ውሃውን አትጠጡ!» እያልኩ ብጮህም፣ ቧንቧው ዳር የተሰለፉት አማርኛ የማይሰሙ ሴቶች «እንታይ ኢሉ?»፣ ምን አለ እየተባባሉ መቅዳታቸውን ቀጠሉ። አንዷ ለልጇ ልታጠጣ በጣሳ ስትቀዳ ሳይ አላስቻለኝም። በትግርኛ «ነዚ ማይ…»፣ ይህን ውሃ ብዬ ሳልጨርስ አቶ ታፈሰ ድምፅ ማጉያውን ነጠቁኝ።

«በአማርኛ ብቻ ተባልን እኮ! እንጀራዬን ልትዘጋብኝ ነው?»

«ጌታዬ፣ ሕፃኗን ይዩዋት እንጂ!»

ዞር ብለው አዩ። እናትየዋ ጣሳውን ወደ ልጇ አፍ እያስጠጋች ነው። ምን እላችኋለሁ፣ ሰውዬው በሩን በርግደው ወረዱና ጣሳውን ከእጇ ነጥቀው ደፉት። ከዚያ በሚያውቋት ቁራጭ ትግርኛ «ማይ ሕማቕ! ማይ ሕማቕ!»፣ ውሃው መጥፎ ነው እያሉ በሰልፉ መሃል ይሯሯጡ ጀመር። ሴቶቹም ባልዲያቸውን ደፉ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ የቢሯችን በር በተንኳኳ ቁጥር ሁለታችንም እኩል እንደነግጥ ነበር።