የከሸፈው ሽጉጥ

ከጎንደር ወጣ ባለ የመኳንንት ግቢ፤ ባላቸው ፊታውራሪ ጦር ሜዳ ላይ የእንግሊዝ ሽጉጣቸው ከሽፎ የተገደሉባቸው ወይዘሮ አስካለ፣ ሽጉጡን ጠግኖ የነበረውን ቀጥቃጭ ገላውን በእግር ብረት አስመጥተው፣ ሽጉጡን ፊቱ አስቀምጠው ለብቻው ይዘውታል።

አስካለ፦ በየትኛው እጅህ ነው የነካኸው? ቀኙን ልቁረጥ ግራውን?

ገላው፦ ኧረ ስለ እመብርሃን እመቤቴ! ብረት በአንድ እጅ አይሠራም።

አስካለ፦ እንግዲያው ሁለቱም ይቆረጣሉ። መቼም ቡዳ ነህ፣ በዓይንህ ትሠራለህ።

ገላው፦ በዓይኔ ብሠራ ኖሮ ወናፍ ስነፋ እከርም ነበር? ገዳያቸው በሰላም ይሄዳል፣ እርስዎ እኔን ይይዛሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

አስካለ፦ ዝም በል! ያ እንግሊዛዊ ፈረንጅ ሽጉጡን ሲሰጣቸው፣ «ባገሬ በአንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ አባትና ልጅ የሠሩት ነው፣ ከሽፎ አያውቅም» ብሏል። አንተ ነካኸው፣ ከሸፈ።

ገላው፦ እኔ የቀየርኩት መምቻውን የሚወረውረውን ሞላ ብቻ ነው። የቀረው የነሱ ሥራ ነው። ይኸው፣ ስማቸውን ብረቱ ላይ ቀርጸውታል።

አስካለ፦ ቀጥቃጭ ደግሞ ስሙን ይጽፋል?

ገላው፦ እዚያ ይጽፋል። እዚህ ሁላችንም ስማችን ቡዳ ነው፣ ምን ይጻፋል።

አስካለ፦ ምላስህ ረዝሟል።

ገላው፦ እጄን ላድን ብዬ ነው። ጦር ሜዳ አብሯቸው የነበረው አሽከራቸው ምን አለ? ሲተኩሱ እሳት የሚጭረው የመዳቡ ቆብ ጮኋል?

አስካለ፦ ጠሽ ብሎ ቀረ። ሁለተኛ ሳይሞክሩ በጦር ወጓቸው።

ገላው፦ ቆቡ ከጮኸ ሞላዬ መትቷል። እሳቱ ነው ባሩዱ ጋ ያልደረሰው። እስቲ መርፌ ይስጡኝ፣ እሳቱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ልየው።

አስካለ፦ እንካ።

ገላው፦ ይኸው! ድፍን ብሏል። ያሽትቱት።

አስካለ፦ ምንድን ነው?

ገላው፦ ቅቤ! የትኛው ደንቆሮ ነው ሽጉጥ ቅቤ የቀባው?

አስካለ፦ ዝገት እንዳይነካው ብዬ ነው። የሄዱ ለት፣ በገዛ እጄ። ወይኔ አስካለ! ባሌን እኔው ገደልኩት!

ገላው፦ ይማሩኝ እመቤቴ፣ አላወቅሁም። እርስዎም አላወቁም፣ በፍቅር ያደረጉት ነው።

አስካለ፦ የፊታውራሪ እናት ይህን ቢሰሙ አንድ ቀን አያሳድሩኝም። ከኔና ካንተ ሌላ የሰማ አለ?

ገላው፦ ማንም የለም። እኔም ትንፍሽ አልልም፣ ታቦት ይዤ እምላለሁ።

አስካለ፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ገላው።

ገላው፦ ሆዴ ሰፊ ነው እመቤቴ።

አስካለ፦ ይሁን፣ እጆችህን ምሬሃለሁ።

ገላው፦ እግዜር ይስጥልኝ! ዕድሜ ይስጥልኝ!

አስካለ፦ እናንተ ደጅ ያላችሁ! ቢላዋ ይዛችሁ ግቡ፤ ምላሱን ቁረጡልኝ።