የአያ ሙላት ባቄላ

በሥራዬ እንደዚያ ቀን ተሸውጄ አላውቅም። ፍኖተ ሰላም ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ስሠራ፣ ከጅጋ ወዲያ ካለ ገጠር አያ ሙላት የሚባሉ ገበሬ መጡ። ስትሮክ መቷቸው ነው። ዓይናቸው ደህና ነው፤ አእምሯቸው ግን በግራቸው ያለውን ሁሉ ረስቶታል። ምን ያህል እንደረሳ የሚለካው ወረቀት ላይ የተበተኑ መስመሮችን አንድ በአንድ በማሰረዝ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ እርሳስ ይዘው አያውቁም። ስለዚህ ሰፌድ ላይ በቆሎ አፍስሼ ሃያ ባቄላ በተንኩበትና «ባቄላውን ይልቀሙልኝ» አልኳቸው። «ይኼ የሴት ሥራ አይደለም እንዴ?» ብለው ተቆጡ፤ ግን ለቀሙ። በግራ በኩል ያለው እንዳለ ቀረ። «ጨርሻለሁ» አሉ ኮራ ብለው።

በሦስተኛው ሳምንት ሃያውንም ለቀሙ! በደስታ ካርዳቸው ላይ ልጽፍ ስል ባለቤታቸውን እማማ የሺን አየኋቸው። በግራቸው ተቀምጠው ባቄላውን በጣታቸው ወደ ቀኝ ይገፉላቸዋል። «ምን እያደረጉ ነው?» ብላቸው፣ «ፈተናውን ወድቆ ሰው ፊት እንዳያፍርብኝ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። እንዴት ልቆጣ? «እዚያው ይቀመጡ፣ እየጠሩ ወደ እርስዎ እንዲዞሩ ያድርጓቸው፤ ባቄላውን ግን አይንኩ» አልኳቸው።

የት ሰምተውኝ! ከወር በኋላም እንደ ልማዳቸው ሲገፉ፣ የአያ ሙላት እጅ ሰፌዱን ወደ ግራ ተሻግሮ ጣታቸውን ለቀም አደረገ። «አንቺ የሺ! ባቄላዬን ወዴት ነው የምትወስጅው?»

እማማ የሺ እጃቸውን ሳያስለቅቁ እልልታቸውን አቀለጡት።