ከሸራው ጥላ ስር

ከሳቢያን ወደ ከዚራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከኋላዬ አንዲት ተማሪ አጠገቧ ለተቀመጠች ሴትዮ የታሪክ ትምህርቷን ትተርክላታለች። ሴትዮዋ ፀሐዩን ፈርታ የመስኮቱን መጋረጃ ጥርቅም አድርጋ ዘግታዋለች።

“ጥንት ሮም ውስጥ ነው አዴ። ሰውን ከሰው ጋር በሰይፍ ያፋልሙ ነበር፤ ለመዝናኛ።”

“ለመዝናኛ? እስኪደማ?”

“አንዳንዴም እስኪሞት።”

“ያ አላህ! መንግሥት የት ሄዶ?”

“መንግሥት ነዋ የሚደግሰው! መግቢያውም ነፃ ነበር።”

“ሕዝቡስ ዝም ብሎ ያያል?”

“እየጮኸ ነዋ! ፀሐይ እንዳይመታው ከላይ ትልቅ ሸራ ይወጠርለታል።”

“አቦ ተይኝ! ሰው እየሞተ፣ ለተመልካቹ ጥላ?”

“ወላሂ! የተሸነፈው ደግሞ ጣቱን አንስቶ ምሕረት ይለምናል። ሕዝቡ ማሩት ብሎ ከጮኸ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።”

“ታዲያ ማሩት አይሉም?”

“አንዳንዴ ግደለው ይላሉ።”

“አስተግፊሩላህ! እነዚህ እናት የላቸውም? እኔ ብሆን ዓይኔን ጨፍኜ እወጣ ነበር።”

ሚኒባሱ ድንገት ቆመ። መንገዱ መሃል ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች ተናንቀዋል፤ የአንደኛው አፍንጫ ይደማል። ሰዉ ከቧቸዋል።

“አዴ፣ መጋረጃውን ለምን ከፈትሽው? ፀሐዩ እኮ ገባ!”

“ከለለኝ! ኧረ ያ ባለቀይ ሸሚዙ ሊጥለው ነው! ሹፌር፣ እንዳትነዳው አቦ!”

እኔም ከወንበሬ ተነስቼ እንደነበር ያወቅሁት ተመልሼ ስቀመጥ ነው።