ማን አውጥቶልሽ ነው?

ብቻዬን መዝፈን የጀመርኩት ወድጄ እንዳይመስላችሁ። በረሃቡ ጊዜ ሱዳን፣ ገዳሪፍ አጠገብ ካለው የስደተኞች መጠለያ እየወጣን ሦስት ልጃገረዶች ሆነን በየሠርጉ እንዘፍን ነበር። እናኑ ታወጣለች፣ እኔና ጥሩዬ እንቀበላለን። ኋላ እናኑ አግብታ ካርቱም ገባች፤ ጥሩዬን ወባ ወሰደብኝ።

ከዚያ እዚያው ሱዳን ዶካ ከተማ ላይ ሠርግ ጠሩኝና በሎሪ አቧራዬን ለብሼ ደረስኩ። ከበሮው ተመታ፣ ጭብጨባው ደመቀ፣ እኔም ዘፈንኩ። ሰዉ ግን ማጨብጨቡን እየተወ ያየኝ ጀመር። አንዲት የጎንደር እናት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ማን አውጥቶልሽ ነው የምትቀበዪው?» አሉኝ። ለካስ የእናኑን ቦታ ዝም ብዬ እያሳለፍኩ፣ መቀበያውን ብቻ ኖሯል የምዘፍነው።

«እማማ፣ አውጥቼ አላውቅም» አልኳቸው። «ዘፈኑንም የእርዳታ ስንዴውንም ስቀበል ነው የኖርኩት።»

«እዚህ ተቀባይ ያልሆነ ማን አለ?» አሉና ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «በይ አንቺ አውጪ፤ መቀበሉን እኛ ለምደነዋል።»

አወጣሁ። እነሱም አሳምረው ተቀበሉኝ። ይኸው ስንት ዘመን ብቻዬን አወጣሁ፣ ድምፄም ደከመ። ሰዉ በተቀበለኝ ቁጥር ግን ጆሮዬ እስከ ዛሬ የጥሩዬን ድምፅ ይፈልጋል።